የኮሌጅ ክሬዲት ከሁለተኛ ደረጃ ሳይወጡ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የሚስተናገዱት ደብዳቤዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም ከአሜሪካ የተላኩ ናቸው። የሚያነሡት ጉዳይም ተመሳሳይ ነው፤ ተማሪዎች ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ለዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት የሚይዙበት መንገድ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ ልጄ በመጪው መስከረም 10ኛ ክፍል ይገባል። ከትምህርት ቤቱ የተላከልን ወረቀት ስለ ኤፒ እና ስለ ዱዋል ኢንሮልመንት ይገልጻል። የእህቴ ልጅ ኤፒ በመፈተኗ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንደ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተቆጥራለች ይባላል። እኔም ባለቤቴም እዚህ አገር ስላልተማርን ልዩነቱ አልገባንም። የትኛው ይሻለናል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። አንድ ኮርስ ብዙ ጊዜ 3 ክሬዲት ስለሚይዝ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 30 ያህል ክሬዲት ይጨርሳል። የእህትዎ ልጅ ያን ያህል ክሬዲት ይዛ ገብታ ከሆነ የሰሙት እውነት ነው። ሆኖም ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም፤ ፈተናውን ያዘጋጀው ድርጅትም ሆነ ኮርሱን ያስተማረው ኮሌጅ ምንም ቢል፣ ክሬዲቱ ለልጅዎ ዲግሪ መቆጠር አለመቆጠሩን የሚወስነው እሱ በመጨረሻ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚህ በታች የምንሰጣቸው መልሶች ሁሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ኤፒ በ1950ዎቹ የተጀመረና ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው መርሐ ግብር ነው። ተማሪው በራሱ ትምህርት ቤት፣ ከራሱ መምህራን ዘንድ፣ የኮሌጅ ደረጃ ያለው ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ይከታተልና በሜይ ወር አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፤ የሚታወቀውም በጁላይ ነው። ለአንድ ፈተና ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ አለ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ኮሌጅ ቦርድ በአንድ ፈተና 37 ዶላር ይቀንሳል፣ አንዳንድ ግዛቶችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቀሪውን ይሸፍናሉ። ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት ምዝገባውን ነው። ፈተናው የሚሰጠው በጸደይ ቢሆንም የሚታዘዘው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ፣ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ኤፒ ክፍል ጥሩ ውጤት ያመጣ፣ ነገር ግን በሜይ ያልተፈተነ ተማሪ፣ ውጤቱ ለመግቢያ ማመልከቻው ያማረ ይሆንለታል እንጂ አንድም ክሬዲት አይዝበትም።

ስንት ማምጣት እንደሚበቃ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኦሃዮና በኢሊኖይ የመንግሥት ኮሌጆች 3 ያመጣን ተማሪ ክሬዲት እንዲሰጡ በሕግ ይገደዳሉ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ትምህርቱ ዓይነት 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ። ዳርትመዝ ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገቡ ተማሪዎች ጀምሮ ለኤፒ ውጤት ክሬዲት መስጠቱን አቁሟል፤ እዚያ 5 ማምጣት የሚጠቅመው ከፍ ካለ ኮርስ ለመጀመር ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውጤት በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የብዙ ሺህ ዶላር ዋጋ ሲኖረው በሌላው ዋጋው ደረጃ መዝለል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዱዋል ኢንሮልመንት የተለየ ነው። ልጅዎ የእውነተኛ ኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ይመዘገባል፤ በእርስዎ አካባቢ ይህ በአብዛኛው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የተባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ነው። ኮርሱን በኮሌጁ ግቢ፣ በኢንተርኔት ወይም በራሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊወስድ ይችላል፤ ያመጣው ውጤትም ለሁለተኛ ደረጃውም ለኮሌጁም ይቆጠራል። በሜሪላንድ ‹ብሉፕሪንት› በሚባለው የ2021 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሕግ መሠረት የኮሌጅ ዝግጁነት መመዘኛውን ያሟሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አይጠየቁም። መመዘኛውን ልጅዎ አሟልቶ እንደሆነ የትምህርት ቤቱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ከመዝገቡ ላይ አይቶ ሊነግርዎ ይገባል፤ ካልነገረዎ ይጠይቁት፣ መጠየቅ መብትዎ ነው።

አንዱን እንድንመርጥልዎ ከፈለጉ፣ የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ልጅዎ በሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመማር ሐሳብ ካለው ዱዋል ኢንሮልመንት የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ቀን የሦስት ሰዓት ፈተና ላይ አይንጠለጠልም፣ የግዛቱ ኮሌጆችም የእርስ በርስ ኮርሶቻቸውን ያውቃሉ። ከግዛት ውጭ ወዳሉ፣ ተማሪ መርጠው ወደሚቀበሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት ካሰበ ግን ኤፒ በየትም የሚታወቅ መለኪያ ስለሆነ ይመረጣል። አብዛኞቹ ብርቱ ተማሪዎች ሁለቱን ያጣምራሉ። በ10ኛ ክፍል አንድ ኤፒ ወስዶ አቅሙን መለካት፣ ዱዋል ኢንሮልመንቱን ለ11ኛና ለ12ኛ ማቆየት መጥፎ አካሄድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ ምኞቷ ሐኪም መሆን ነው። ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ከአሁኑ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብትጨርስ ጊዜም ገንዘብም ይተርፈናል ብለን አስበናል። ጉዳት ይኖረው ይሆን?
አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት መቆየትም ተገቢ ነው፤ ‹ሐኪም ትሆናለች› የሚለው ተስፋ በየቤታችን ስላለ።

በአሜሪካ ሕክምና የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። አመልካቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት አምካስ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ሲሆን፣ አምካስ አመልካቹ በሕይወቱ የወሰዳቸውን የኮሌጅ ኮርሶች ሁሉ ይሰበስባል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የወሰዳቸውም ሳይቀሩ። ጂፒኤውንም (የውጤት አማካዩን) ከእነዚህ ሁሉ ያሰላል፤ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤቶችን ደግሞ ለብቻ አውጥቶ ሌላ አማካይ ያወጣላቸዋል። ስለዚህ ልጅዎ በ16 ዓመቷ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ‹ሲ› ብታመጣ፣ ያ ውጤት ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። የኮሌጅ ትራንስክሪፕት የሚደመሰስ ነገር አይደለም፤ ኮርሱን ደግማ ብትወስድ እንኳ አምካስ ሁለቱንም ያስባቸዋል።

ከዚህ በተጨማሪ በርካታ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለመግቢያ የሚጠይቋቸውን የሳይንስ ኮርሶች በኤፒ ክሬዲት ብቻ ማሟላትን አይቀበሉም፤ ወይም ክሬዲቱን የተጠቀመ ተማሪ በዚያው ዘርፍ ከፍ ያለ ኮርስ እንዲወስድ ይጠይቃሉ። ተማሪዋ በኤፒ ኬሚስትሪ የመጀመሪያውን ዓመት ዘልላ በቀጥታ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ብትገባ፣ መሠረቱን ከሁለት ዓመት በፊት በሁለተኛ ደረጃ ቤተ ሙከራ የተማረች ሆና ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጁ ከከረሙት ጋር ትወዳደራለች። ይህ ለአንዳንዶች ይሳካል፤ ለብዙዎች ግን የተቆጠበው አንድ ሴሚስተር ዋጋው ውድ ይሆናል።

ስለዚህ ምክራችን የሚከተለው ነው፤ ልጅዎ ኤፒ ኬሚስትሪንና ኤፒ ባዮሎጂን ለዕውቀቱ ትውሰድ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ከመጀመሪያው ለመጀመር ዝግጁ ትሁን። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል ደግሞ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ የመሳሰሉትን ትጨርስ። እነዚህ በየትኛውም ዲግሪ የሚጠየቁ አጠቃላይ ኮርሶች ስለሆኑ ሜዳውን ያሰፉላታል፣ ለሳይንሱ የሚሆን ጊዜም ይሰጧታል። ቨርጂኒያ በዚህ ረገድ የተመቸች ግዛት ናት፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ ‹ፓስፖርት› በሚል ስም ያዘጋጁት የ16 ክሬዲት ጥቅል አለ፤ ጥቅሉን የጨረሰ ተማሪ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱ ለአጠቃላይ ትምህርት መስፈርት ይቆጠርለታል። ኮርስ ስትመርጥ በዚህ ጥቅል ውስጥ መኖሩን ማየት ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ተማሪዋ ኮርስ ከብዷት ከመደበኛው የመሰረዣ ቀን በኋላ ብታቋርጥ በትራንስክሪፕቱ ላይ ‹ደብልዩ› የሚል ምልክት ይቀመጣል። የፌደራል የትምህርት ዕርዳታ የሚቀበል ተማሪ ከሞከራቸው ክሬዲቶች ውስጥ በቂውን ክፍል፣ በብዙ ኮሌጆች 67 በመቶውን፣ ማለፍ ይጠበቅበታል። በዚያው ኮሌጅ ትምህርቷን ከቀጠለች በሁለተኛ ደረጃ ጊዜ ያቋረጠቻቸውም ኮርሶች እንደተሞከሩ ሊቆጠሩ ይችላሉ። እንግዲህ በአንድ ሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ኮርስ መውሰድ ለጀማሪ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ በጆርጂያ ግዛቱ ለዱዋል ኢንሮልመንት የሚከፍለው ያለ ገደብ ነው ወይስ ወሰን አለው?
አንባቢ፣ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ

መልስ፦ ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ ግዛቱ ለአንድ ተማሪ የሚከፍለውን በ30 ክሬዲት ገድቦታል። ከዚያ በላይ የሚወሰደው በቤተሰብ ወጪ ስለሆነ፣ እነዚያን 30 ክሬዲቶች በማይጠቅም ኮርስ አያባክኗቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ራኒንግ ስታርት (የግዛታችን የዱዋል ኢንሮልመንት መርሐ ግብር) መግባት እፈልጋለሁ፤ እናቴ ግን ‹ኮሌጅ ከጀመርሽ የፍሬሽማን ስኮላርሺፕ ያመልጥሻል› ትለኛለች። ሌላው ደግሞ ያለ እኩዮቼ ብቻዬን እንዳልቀር እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ተማሪ፣ ኬንት፣ ዋሽንግተን

መልስ፦ እናትሽ ያነሡት ስጋት በምክንያት ነው፤ ይሁንና በዚህ ጉዳይ ሊያሳስባቸው አይገባም። ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ የተያዘ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ አመልካቹን ከፍሬሽማንነት አያወጣውም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም የራኒንግ ስታርት ተማሪዎችን የሚቀበለው እንደ ፍሬሽማን አመልካች ነው። አደጋው ያለው ከ12ኛ ክፍል ምረቃ በኋላ ነው፤ ከተመረቅሽ በኋላ ባለው ክረምት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ብትማሪ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ዝውውር ተማሪ ሊያዩሽ ስለሚችሉ፣ ይህን ከማድረግሽ በፊት የተቀበለሽን ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ጠይቂ።

ራኒንግ ስታርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍት ነው። የትምህርት ክፍያውን ግዛቱ ይሸፍናል፤ መጻሕፍት፣ ልዩ ልዩ የኮሌጅ ክፍያዎችና መጓጓዣ ግን በተማሪው ላይ ናቸው። የቤተሰብሽ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ኮሌጁ ከክፍያዎቹ ነጻ ሊያደርግሽ ይገባል፤ መጽሐፍ የሚያበድሩም አሉ፤ ሁለቱንም ለማግኘት ግን ማመልከት ያስፈልጋል። የዋሽንግተን ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚሠሩት በኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት፣ እንጂ በሴሚስተር አይደለም። ባለ 5 ክሬዲት የኳርተር ኮርስ እንደ አንድ ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ይቆጠርልሻል። ወደ ሌላ ግዛት ስትሄጂ ደግሞ እያንዳንዱ የኳርተር ክሬዲት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሴሚስተር ክሬዲት ይለወጣል፤ 90 የነበረው 60 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ የመለኪያው ልዩነት ነው፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ይደነግጣል።

ብቻዬን እቀራለሁ ያልሽው ቀላል ነገር አይደለም፤ የኮሌጅ ክፍል ውስጥ አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው ሠራተኛም፣ የልጆች አባትም ሊሆን ይችላል። መምህሩ የቤት ሥራ አልሠራሽም ብሎ ቤት አይደውልም፤ ፈተና ሲደርስ ያውቅሻል፣ ከዚያ በፊት ላያውቅሽ ይችላል። ይህን ነጻነት የሚወዱ አሉ፤ የሚሰጥሙበትም አሉ። ሙሉ በሙሉ መውጣት ካልፈለግሽ ግማሹን ቀን በትምህርት ቤትሽ፣ ግማሹን በኮሌጁ ማሳለፍ ይቻላል። ሌላም አማራጭ አለ፤ ‹ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል› የሚባለው መርሐ ግብር የኮሌጅ ኮርሱን በራስሽ ትምህርት ቤት፣ ኮሌጁ ባጸደቃቸው መምህራን እንድትማሪ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የግዛቱ ሕግ ይህን በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ሲሰጥ ከክፍያ ነጻ አድርጎታል። ትምህርት ቤትሽ የሚሰጣቸው ኮርሶች ጥቂት ከሆኑ ራኒንግ ስታርት፣ በቂ ከሆኑ ይህ ሁለተኛው የሚሻልሽ ይመስለናል። እናትሽን ይዘሽ ወደ ካውንስለሯ ግቢ፤ እናትሽ የሚጠይቁት አንቺ ያላሰብሽው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይማራሉ፤ ትልቁ ያነባል፣ ይጽፋልም። ጎረቤታችን የስፓኒሽ ተናጋሪ ናት፤ ልጇ በቋንቋው ብቻ የኮሌጅ ክሬዲት አገኘ አለችኝ። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል?
አባት፣ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

መልስ፦ ይኖራል፤ እርስዎ ያሉበት ግዛት ደግሞ ለዚህ ከሚመቹት አንዱ ነው። ኤፒ የአማርኛ ፈተና የለውም። ክሌፕ የሚባለውም የኮሌጅ ቦርድ ፈተና በቋንቋ ረገድ የሚያቀርበው ስፓኒሽን፣ ፈረንሳይኛንና ጀርመንኛን ብቻ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ ምናልባት ከእነዚህ በአንዱ ተፈትኖ ይሆናል። ለአማርኛ ተናጋሪዎች በሩ የሚከፈተው የሁለት ቋንቋ ችሎታ ማኅተም በሚባለው ዕውቅና ነው። ይህ ዕውቅና እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ በሕግ ጸድቆ ወደ አብዛኞቹ ግዛቶች ተስፋፍቷል። ሁለተኛ ደረጃ የሚያጠናቅቅ ተማሪ በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ በቂ ችሎታ እንዳለው በፈተና ሲያረጋግጥ ማኅተሙ በመዝገቡ ላይ ይሰፍርለታል።

ሚኒሶታ ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ ከምስክር ወረቀት ጀምሮ እስከ ወርቅና ፕላቲነም ማኅተም ድረስ ደረጃ አድርጋለታለች። ከብዙ ግዛቶች የምትለየው ዕውቅናውን ወደ ክሬዲት በመለወጧ ነው፤ በሚኒሶታ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ውስጥ የገባ ተማሪ እንደ ደረጃው የበርካታ ሴሚስተር የቋንቋ ክሬዲት ይሰጠዋል። ይህ ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም። ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ በተመረቀ በሦስት የትምህርት ዓመታት ውስጥ ራሱ ማመልከት አለበት። ትዊን ሲቲስ ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ሥርዓት ውጭ የራሱ አስተዳደር ያለው ስለሆነ፣ ልጅዎ ወደዚያ የሚሄድ ከሆነ የእሱን ደንብ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ስታምፕ የሚባለው የቋንቋ ፈተና በአማርኛም ይሰጣል፤ መጻፍንና መናገርንም ይመዝናል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ‹እሺ›፣ ‹መጣሁ›፣ ‹በልቻለሁ› የሚል አማርኛ አይበቃም። ተማሪው ሐሳቡን በፊደል፣ በአንቀጽ፣ ምክንያት እየሰጠ መግለጥ ይጠበቅበታል። በየቤቱ የምናየው ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው፤ አጥርተው እየሰሙ ፊደል የማይለዩ ልጆች ብዙ ናቸው። ልጅዎ ማንበብና መጻፍ መቻሉ ከግማሽ በላዩን መንገድ አስኬዶታል። በኮምፒዩተር በግዕዝ ፊደል መጻፍን ከአሁኑ ይለማመድ፤ የሚያውቀውን ፊደል በኪቦርዱ ላይ እየፈለገ ጊዜው እንዳያልቅበት። እሑድ የሚያስተምሩት መምህር ልጁ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ያህል፣ ስለ ትምህርቱም ይሁን ስለ ሰፈሩ፣ ጽፎ እንዲያመጣ ቢያደርጉ የሚበልጥ ዝግጅት አናውቅም።

በሌላ ግዛት ላሉ አንባቢዎች፣ ክሬዲት ባይሰጥ እንኳ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በፈተና የተረጋገጠ የአማርኛ ችሎታን ለውጭ ቋንቋ መስፈርታቸው ይቀበላሉ። ከመስፈርቱ ነጻ መሆንና ክሬዲት ማግኘት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ኮርሱን ያስቀርልሃል፣ ወደ 120 የሚደመር ቁጥር ግን አይሰጥህም። ሲጠይቁ ሁለቱንም ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ የመጣሁት ዐምና ነው፤ አሁን 11ኛ ክፍል ነኝ። ሒሳብ ለእኔ ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ገና ነው። ኮሌጅ ክሬዲት የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ይሆናል?
ተማሪ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

መልስ፦ ይሆናል፤ የምትጀምረው ግን ከጠነከርህበት ነው። ኤፒ ካልኩለስ ከብዙ የኤፒ ፈተናዎች ይልቅ ቋንቋው የማይከብድ ነው፤ ትምህርት ቤትህ ኮርሱን ባይሰጥ እንኳ ሌላ ትምህርት ቤት ለፈተና እንዲያስቀምጥህ የኤፒ አስተባባሪውን ጠይቀህ በራስህ ተዘጋጅተህ መፈተን ትችላለህ። ከሁለቱ የካልኩለስ ፈተናዎች ‹ቢሲ› የሚባለው ሰፋ ያለ ስለሆነ የሚያስገኘው ክሬዲትም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በኦሃዮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 3 ካመጣህ ክሬዲት እንደምታገኝ ከላይ ጠቅሰናል።

ሌላው ክሌፕ ነው፤ 34 ፈተናዎች አሉት፣ ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን ብዙ ኮሌጆች 50ን ይቀበላሉ። ዕድሜም የክፍል ደረጃም አይጠይቅም፤ በማንኛውም ወር ትፈተናለህ፣ ብትወድቅም ከሦስት ወር በኋላ ትደግማለህ፤ የወደቅህበት ውጤት ትራንስክሪፕት ላይ አይገባም። ሞደርን ስቴትስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ለእነዚህ ፈተናዎች በኢንተርኔት ነጻ ትምህርት ይሰጣል፤ ትምህርቱን ለጨረሰም የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ጉድለቱ ተማሪ አበጥረው የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ክሌፕን አለመቀበላቸው ነው።

ኦሃዮ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ‹ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ› የተባለ መርሐ ግብር አላት፤ በመንግሥት ኮሌጆች ትምህርቱም መጻሕፍቱም ያለ ክፍያ ናቸው። በዚህ ግን አትቸኩል። ኮርስ የወደቀ ተማሪ ቤተሰቡ ወጪውን እንዲመልስ የትምህርት ወረዳው ሊጠይቅ ይችላል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሕጉ ከለላ ቢሰጥም ‹ኤፍ› ከትራንስክሪፕቱ አይነሳም። በዚህ ዓመት አንድ የሒሳብ ኮርስ ብቻ ውሰድ፤ የእንግሊዝኛ ድርሰቱን ለ12ኛ ክፍል ወይም ለኮሌጅ አቆየው። አማካሪ ‹እንግሊዝኛህ እስኪጠና ዝቅ ባለ ሒሳብ ቆይ› ቢልህ ግን አትቀበል፤ ከኢትዮጵያ ያመጣኸውን የትምህርት ማስረጃ አስተርጉመህ አቅርብ፣ የሒሳብ የምደባ ፈተናም እንዲሰጥህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጃችን አዲስ አበባ ውስጥ አይቢ (ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ) በሚያስተምር ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ናት። አሜሪካ ብትሄድ ይህ እንደ ክሬዲት ይቆጠርላታል? እዚሁ ብትቀርስ?
ወላጆች፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ እዚሁ ብትቀር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምደባው የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተመለሰውን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርስ በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ቀድሞ መጨረስ የሚያስችል አገር አቀፍ ሥርዓት የለም።

አሜሪካ ብትሄድ ግን ይቆጠርላታል። የአይቢ ዲፕሎማ ተማሪ ስድስት ትምህርቶችን ሲወስድ ቢያንስ ሦስቱን በከፍተኛ ደረጃ ይማራል፤ እያንዳንዱም ከ7 ይያዛል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት የሚሰጡት ለከፍተኛ ደረጃዎቹ ብቻ፣ 5ና ከዚያ በላይ ለመጣባቸው ነው። ቴክሳስ ለየት ትላለች፤ ሙሉ ዲፕሎማ ይዞ በፈተናዎቹ ከ4 ያላነሰ ላመጣ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ቢያንስ 24 ክሬዲት እንዲሰጡ በሕግ ታዛለች። ስለዚህ ልጃችሁ ሦስቱን የከፍተኛ ደረጃ ትምህርቶች ስትመርጥ ልታጠና ከምትፈልገው ዘርፍ ጋር ብታዛምዳቸው መልካም ነው፤ ይህን ምርጫ ከ11ኛ ክፍል መጀመሪያ በኋላ መለወጥ ስለሚከብድ አሁኑኑ አስተባባሪውን አነጋግሩ። ውጤቱ በጁላይ መጀመሪያ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ከአይቢ በቀጥታ የተላከለትን እንጂ እናንተ ያተማችሁትን ወረቀት አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ለአስተባባሪው ከፈተናው በፊት አስመዝግቡ።